ምንጭ የሌላት ደሴት፤ የምጽዋ ሕዝብ ኑሮና የውኃው ታሪክ

ስለ ምጽዋ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የመንግሥታት ታሪክ ነው። ቱርኮች በ1557 እንደ ያዟት፣ ግብጾች በ1865 እንደ ተረከቧት፣ ኢጣልያኖች በ1885 እንደ ገቡባት፣ እንግሊዞችም በ1941 እንደ ማረኳት ዓመቱ እየተቈጠረ ይነገራል። በደጋው ላይ የነገሡትም ነገሥታት ምጽዋን የሚያነሷት የባሕር በር መሆኗን በማሰብ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በር የሚታሰበው ለሚገባና ለሚወጣ ነው፤ በበሩ ላይ የሚኖረው ሰው ግን ይረሳል። የዚህች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች ምን ጠጡ፣ ከማን ጋር ተጋቡ፣ ሌሊቱን የት አደሩ፣ ወሬስ ከወዴት ሰሙ ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከነገሥታቱ ታሪክ ይልቅ ጥቂት ነው።

በዚህ አጭር ጥናት ላሳይ የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ምጽዋን የያዘ ሁሉ መድፍና ወታደር ቢኖረውም፣ ውኃው ያለው በማዶው የብስ ስለ ነበረ፣ የየብሱን ሰዎች ሳያስማማ ደሴቲቱን ሊገዛ አልቻለም። ይህ ሚዛን የተለወጠውም በጦርነት ብቻ አይደለም፤ በባሕሩ ላይ በተሠራ መንገድና ከእምኩሉ በመጣ የውኃ መስመር ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቦታው ጠባይ

ምጽዋ፣ በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ባጽዕ የምትባለው፣ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከእርስዋና ከየብሱ መካከል ጥዋለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች፤ ከዚያም ወዲያ ጌራር የሚባለው የየብሱ ጫፍ ይገኛል። ደሴቲቱ የቆመችው ከባሕር በወጣ ድንጋይ ላይ ነው፤ ምንጭ የላትም፣ የሚታረስ አፈርም የላትም። ሙቀቷ በዓለም ከታወቁት የወደብ ከተሞች ሁሉ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዝናቧም ጥቂት ሲሆን የሚዘንበው በደጋው ክረምት ሳይሆን ደጋው በጋ በሚሆንበት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ በደጋው ሣሩ ሲደርቅ በባሕሩ ዳር ስለሚለመልም፣ የደጋው እረኞች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ስለዚህ የምጽዋ የዓመት ኑሮ ከደጋው ኑሮ ጋር እንደ ሁለት የሚዛን ሳሕኖች ነበረ፤ አንዱ ሲወርድ ሁለተኛው ይወጣ ነበር።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ በደረሰ ጊዜ ያየውን ሲጽፍ ደሴቲቱን በሦስት ከፍሎ ይናገራል። አንዱ ሦስተኛ እጅ ቤት የተሠራበት ነው፤ ሁለተኛው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፤ ሦስተኛው የሙታን መቃብር ነው። አንባቢው ይህን አከፋፈል ልብ ብሎ ቢያየው የከተማይቱን ኑሮ በሙሉ ያገኘዋል። ለሕያዋን ከተሰጠው ቦታ የማያንስ ቦታ ለዝናብ ውኃ ተሰጥቶ ነበር። ይህም ሆኖ የተጠራቀመው ውኃ ዓመቱን ሙሉ አይበቃም ነበርና የጎደለው ከየብሱ መምጣት ነበረበት።

በዚህ ባሕር ዳር ውኃ ምን ያህል ብርቅ እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የእንግሊዝ ጦር በ1867 እና በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ የወረደው ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ወሽመጥ ነው። ያን ያህል ሰውና እንስሳ ይዞ የመጣ ጦር የሚጠጣውን በቂ ውኃ በባሕሩ ዳር ስላላገኘ፣ የባሕሩን ውኃ በመርከቦቹ መኪና እያፈላና እያጠለለ ለማጠጣት ተገደደ። የእንግሊዝ መንግሥት በገንዘቡና በመኪናው የተወጣውን ችግር የምጽዋ ሰዎች ብዙ መቶ ዓመታት ሙሉ በሰው ትከሻና በጀልባ ሲወጡት ኖረዋል።

ደሴቱና የብሱ

ውኃውን የሚሰጡት በየብሱ ያሉት መንደሮች ነበሩ። በስተደቡብ ሕርጊጎ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ሕጡምሎና እምኩሉ ይገኛሉ። የእምኩሉ ውኃ ከሌላው ይልቅ የተመሰገነ ነበረ። የእነዚህ መንደሮች ሴቶችና ልጃገረዶች ውኃውን በስልቻ ሞልተው እስከ ባሕሩ ዳር ይሸከሙታል፤ ከዚያ በጀልባ ተሻግሮ በከተማው ይሸጣል። ከውኃው ጋር ማገዶው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና ሥጋውም በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። በደሴቲቱ ላይ ለገንዘብ የማይቸገር ሀብታም ነጋዴ እንኳ ለዕለት ጉሮሮው የየብሱን ሴት መጠበቅ ነበረበት። የነጋዴዎቹንና የሹማምንቱን ስም ዘርዝረው የጻፉ መንገደኞች ብዙ ናቸው፤ ከውኃ ተሸካሚዎቹ መካከል ግን የአንዲቱን እንኳ ስም የጻፈ መንገደኛ አላጋጠመኝም።

ይህ የዕለት ተዕለት መገናኘት የከተማይቱን ሕዝብ አንድ ልዩ ጠባይ ሰጠው። በደሴቲቱ ላይ ከሐድራሞትና ከሌላው የዐረብ አገር የመጡ ነጋዴዎች፣ ባንያን የሚባሉ የሕንድ ነጋዴዎች፣ ግብጾች፣ በኋላም ግሪኮችና ሌሎች አውሮፓውያን ይኖሩ ነበር። ከቱርክ መንግሥት ጋር የመጡት ወታደሮችም ከአገሩ ሴቶች ጋር ተጋብተው እዚያው ቀሩ፤ ልጆቻቸውም የአገሩን ቋንቋ እየተናገሩ አደጉ። ይህ ቋንቋ ትግረ ነው፤ ከትግርኛ ጋር ዝምድና ያለው፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ዐረብኛ የንግድና የሃይማኖት ቋንቋ ሲሆን፣ ትግረ የቤትና የገበያ ቋንቋ ነበረ። እንግዲህ ከባሕር የመጣው ሰው ገንዘቡንና ዝምድናውን ይዞ ቢመጣም፣ የምጽዋ ሰው የሚሆነው ከየብሱ ጋር በጋብቻና በቋንቋ ሲተሳሰር ነበር።

መኖሪያውም እንዲሁ የተካፈለ ነበረ። በደሴቲቱ ላይ ሀብታሞች ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ በእንጨት የተፈለፈለ መስኮት ያለው ፎቅ ቤት ነበራቸው፤ ድሆች ግን በእንጨትና በሣር ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ግን አቅም ያለው ሁሉ በሕጡምሎና በእምኩሉ ሌላ ቤት ይሠራ ነበር። ቀን በደሴቱ ሲነግድ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ የብሱ ተሻግሮ ያድራል። በከተማው ተቀምጠው ከነበሩት የአውሮፓ ቆንሲሎችም አንዳንዶቹ በእምኩሉ ቤት ነበራቸው። ደሴቲቱ የሥራና የገንዘብ ቦታ ነበረች፤ የብሱ የእንቅልፍና የዕረፍት፣ የወተትና የውኃ ቦታ ነበረ። ሕጡምሎ ኋላ የሃይማኖትም ቦታ ሆነ፤ በ1901 ያረፉት ሰይድ ሃሺም አል ሚርጋኒ በዚያ ተቀምጠው ሲያስተምሩ ነበርና ብዙ ሰው ወደ እርሳቸው ይሄድ ነበር።

የናይቡ ሥልጣን

ቱርኮች ምጽዋንና ሕርጊጎን ከያዙ በኋላ ወደ ደጋው ለመግባት ብዙ ሞክረው አልሆነላቸውም። በዓፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ደጋግመው ከተሸነፉ ወዲህ በባሕሩ ዳር ብቻ ተወሰኑ። ይህን ጠባብ ወሰን እንኳ በራሳቸው ኃይል ብቻ ሊጠብቁት አልቻሉም። ስለዚህ በሕርጊጎ ይኖር ከነበረው የበለው ወገን አንዱን ሰው ናይብ፣ ማለት ምትክ፣ ብለው ሾሙት። ሹመቱም በዚያው ቤተሰብ ሲወራረድ ኖረ። ናይቡ ከጉምሩኩ ገቢ ድርሻ ይቀበላል፤ በፈንታው ወደ ደጋው የሚወስደውን መንገድና ወደ ደሴቱ የሚሻገረውን ውኃ ይጠብቃል።

ከውጭ ለሚያየው ሰው ናይቡ የሱልጣኑ አሽከር ይመስላል። ነገሩን ከውኃው በኩል ለሚያየው ግን ጉዳዩ የተገለበጠ ነው። ናይቡ ከደሴቱ ሹም ጋር በተጣላ ጊዜ ውኃና ምግብ እንዳይሻገር መከልከል ይችል ነበርና፣ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ከተማይቱን ማስጨነቅ በእጁ ነበረ። ስለዚህ ቱርኮች ናይቡን በሾሙት መጠን ናይቡም ቱርኮችን ያኖራቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ናይቡም በተራው ከበላዩ ሌላ ኃይል ነበረበት። የብሱ ውኃ ቢኖረውም እህሉ የሚመጣው ከደጋው ነው። በ1693 ናይብ ሙሳ የቀዳማዊ ኢያሱን ዕቃ ይዞ ሲመጣ የነበረውን አርመናዊ ነጋዴ ኮጃ ሙራድን ቀረጥ ክፈል ብሎ ዕቃውን ያዘበት። ንጉሠ ነገሥቱም ጦር ከመላክ ይልቅ ወደ ባሕሩ ዳር ምግብ እንዳይወርድ አዘዙ። ናይቡ ብዙም አልቈየም፤ የያዘውን ዕቃ መልሶ፣ እጅ መንሻ ይዞ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወጣ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የንጉሡን ኃይል ለማሳየት ነው። ለእኛ ግን ሌላ ነገርም ያስተምረናል። በዚያ ባሕር ዳር ኃይል ማለት መከልከል መቻል ነበረ። ደጋው እህልን ይከለክላል፤ የብሱ ውኃን ይከለክላል፤ ደሴቱ ደግሞ የባሕሩን ንግድ ይከለክላል። ሦስቱም አንዱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችሉ፣ ጠባቸው ሁልጊዜ በስምምነት ያልቅ ነበር።

ወሬና መልእክት

በእንደዚህ ያለ ቦታ የከተማይቱ ወሬ ምን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ከባሕር በኩል የሚጠበቀው ሳንቡክ ነው፤ ከጅዳ፣ ከሐድራሞትና ከሕንድ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ ያመጣል። ከደጋው በኩል የሚጠበቀው ቅፍለት ነው፤ ከጎንደርና ከዐድዋ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ሰም፣ ዝባድና ቡና ይዞ ይወርዳል፤ የሚሸጡ ባሮችንም ያወርድ ነበር። ከደህላክ ደሴቶች በኩል ደግሞ ዕንቍ የሚጠልቁ ሰዎች ይመለሳሉ። በመንገድ ላይ ሽፍታ ተነሥቶ እንደ ሆነ፣ በደጋው ጦርነት ኖሮ እንደ ሆነ፣ ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰማው ቅፍለቱን የሚቀበለው የየብሱ ሰው ነው። ወሬው ከውኃው ጋር ወደ ደሴቱ ይሻገር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ወሬውም ይዘገይ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለዓፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ አስይዞ የላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1864 ምጽዋ ደረሰ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ የመምጣት ፈቃድ አግኝቶ ወደ ውስጥ የገባው ግን በ1865 ማብቂያ አካባቢ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በዚያ ሙቀት ተቀምጦ መልስ ይጠብቅ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ጊዜ በአንድ መስመር ያልፋል፤ ለዚያ ዘመን ምጽዋ ግን መጠበቅ የኑሮው ዋና ክፍል ነበረ። ነጋዴው ነፋሱን ይጠብቃል፤ ባለ ቅፍለቱ የመንገዱን ሰላም ይጠብቃል፤ የቤት እመቤቷ ውኃዋን ትጠብቃለች።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ሎሬንሶ ቢያንኬሪ የተባለው የላዛሪስት ሚስዮናዊ በ1863 በምጽዋ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። እርሱ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሞተ ሥራው አልሰፋም። ሆኖም የግዕዝ ፊደል ማተሚያ ወደ አገራችን አካባቢ የገባው በዚች የወሬ በር በሆነችው ከተማ በኩል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

መንገዱና የውኃው መስመር

ምጽዋ በ1865 በግብጽ ኬዲቭ እስማኤል እጅ ከገባች በኋላ፣ ቬርነር ሙንሲንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ በ1871 የከተማይቱ ገዥ ሆነ። በግብጾች ዘመን ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ተሠሩ። አንደኛው በባሕሩ ላይ በድንጋይ ተሞልቶ ምጽዋን ከጥዋለት፣ ጥዋለትንም ከየብሱ ጋር ያገናኘው መንገድ ነው። ሁለተኛው ከእምኩሉ እስከ ደሴቲቱ ውኃ የሚያመጣው መስመር ነው። ሙንሲንገር ራሱ በ1875 በአውሳ ዘመቻ ተገደለ፤ ሥራው ግን ከእርሱ በኋላ ቀረ።

ከተማይቱ በዚህ እንደ ተጠቀመች ጥርጥር የለውም። ንግዱ ሰፋ፤ የድንጋይ ቤት በዛ፤ ሰውም ጨመረ። ነገር ግን ውኃው በስልቻ መምጣቱ እየቀረ በመስመር መምጣት ሲጀምር፣ በውኃው ላይ የነበረው ሥልጣንም ከየብሱ ሰዎች እጅ ወጥቶ መስመሩን ወደሚያዘው ሹም ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ናይቡ ውኃ እከለክላለሁ ብሎ ሊያስፈራራ አይችልም ነበር። ለውኃ ተሸካሚዎቹም መስመሩ ከከባድ ሸክም ማረፊያ ቢሆንም፣ የዕለት ገቢያቸውን የሚያጎድል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የናይቡ ሥልጣን የደከመው ከመስመሩ አስቀድሞ ነው ሊባል ይቻላል። በእርግጥም በ1840ዎቹ መጨረሻ የደሴቱ መንግሥት ኃይል በሕርጊጎ ላይ ዘምቶ መንደሩን አቃጥሎ ነበር፤ የግብጽ መንግሥትም ከቱርኮቹ ይልቅ ብዙ ወታደርና ብዙ ጸሐፊ የነበረው መንግሥት ነው። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው። እኔም የናይቡን ውድቀት ሁሉ በመስመሩ ላይ አላሳብብም። ነገር ግን ከሕርጊጎ መቃጠል በኋላም ናይቦች ቀርተው ነበር፤ ደሴቲቱ አሁንም ትጠማ ነበርና ያለ እነርሱ መኖር አልተቻለም። ወታደር ናይቡን ሊቀጣው ይችል ነበር፤ አላስፈላጊ ሊያደርገው የቻለው ግን የውኃው መስመር ነው።

ከዚያ ወዲያ የወሰን ጠብ ራሱ ቦታውን ለወጠ። በ1884 በዐድዋ በተፈረመው የሂዌት ውል የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲያልፍ ለዓፄ ዮሐንስ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኢጣልያኖች ከተማይቱን ያዙ። ብዙም ሳይቈዩ ወደ ውስጥ ገፍተው ሰሐጢን ያዙ፤ ሰሐጢ ቅፍለቶች የሚያርፉበትና ውኃ የሚያገኙበት ስፍራ ነው። ራስ አሉላ ከዚያ እንዲለቁ ጠየቁ፤ እምቢ ባሉ ጊዜ በጃንዋሪ 1887 ለሰሐጢ እርዳታ ይሄድ የነበረውን የኢጣልያ ጦር በዶጋሊ ደመሰሱት። የዶጋሊን ጦርነት ሁላችንም በጀግንነቱ እናውቀዋለን። ይህም ጦርነት ቢሆን ከባሕሩ ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ውኃ ማን ይያዝ የሚል ጥያቄ እንደ ነበረበት መዘንጋት የለብንም።

እምኩሉ ያፈራችው ሌላ ነገር

እምኩሉ ውኃ ብቻ አልሰጠችም። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በዚያ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ነበረው። በሕፃንነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ ነጻ ያወጣውም ያው ሙንሲንገር ነው። ኦኔሲሞስ በሚስዮኑ ተምሮ ሐዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ በባርነት የተሸጠች ናት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሲወስዳት የነበረውን ጀልባ የኢጣልያ መርከቦች በባሕር ላይ ይዘው ካስለቀቋት በኋላ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ።

ይህን እዚህ የማነሣው ከርእሴ ለመውጣት አይደለም። በምጽዋ በኩል በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ታስረው ተሻግረዋል፤ በደሴቲቱ ገበያ ከዝሆን ጥርሱና ከሰሙ ጋር ተቈጥረዋል። የከተማይቱን ኑሮ ስናመሰግን ይህን መሰወር አይገባንም። በዚያው መንገድ የተነዱ ሁለት ሰዎች ግን፣ ለከተማይቱ ውኃ በምትልከው መንደር ተቀምጠው፣ ለቋንቋቸው መጽሐፍ ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ

የቀረውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ምጽዋ ለጥቂት ዓመታት የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መንግሥቱ ወደ አሥመራ ወጣ። በ1911 የምድር ባቡሩ አሥመራ ደረሰ፤ ቅፍለቱም ቦታውን ለባቡሩ ለቀቀ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን የድንጋይ ቤት አፈረሰ፤ ከተማይቱም እንደገና ተሠራች። ከ1952 ጀምሮ በፌዴሬሽኑ፣ ከ1962 በኋላም ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደችበት ጊዜ፣ የባሕር ኃይል ሰፈርና ትልቅ ወደብ ነበረች። በፌብሩዋሪ 1990 የኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር ከተማይቱን በጦርነት ያዘ፤ ከዚያም በኋላ የደርግ አውሮፕላኖች ስለ ደበደቧት ሰው አለቀ፣ ብዙው አሮጌ ቤትም ፈረሰ። ከ1993 ጀምሮ ምጽዋ የነጻዪቱ ኤርትራ ወደብ ናት። ከባሕሩ ድንጋይ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ቁስላቸውን እንደ ያዙ ቆመዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ምጽዋን የባሕር በር ብቻ አድርጎ መቍጠር በቂ አይደለም። እርስዋ ራስዋ የሚኖሩባት፣ የሚጋቡባት፣ የሚቸገሩባት ከተማ ነበረች። ሁለተኛ፣ የደሴቲቱን ገዥዎች ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ደሴቲቱ እንዴት እንደ ተገዛች ያውቃል ማለት አይደለም። በመጻሕፍት የምናገኘው የገዥዎቹን ስም ነው፤ አገዛዙን ይቻል ያደረገው ግን በስልቻ ውኃ የሚሸከመው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ በዘመናዊ ሥራ የሚገኘው ጥቅም ሁሉ አብሮት አንድ የቆየ መተሳሰር ሊያፈርስ እንደሚችል የእምኩሉ መስመር ያሳየናል። መስመሩ ባይሠራ ይሻል ነበር የምንል አይደለንም፤ የተጠማ ሕዝብ መጠጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ደሴቱ በየቀኑ ወደ የብሱ እየተመለከተ ይኖር የነበረው ውኃ ስለ ጎደለው ነው፤ ውኃው በመስመር ሲመጣ ያ መመልከት አብሮ ቀነሰ።

የባሕር ዳር ከተሞቻችንንና የጎረቤቶቻችንን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ፣ ውሎችንና ጦርነቶችን ከመረመረ በኋላ፣ ሰዎቹ የሚጠጡትን ከወዴት ያመጡ ነበር ብሎ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።